ቡችላው ይታሰር ወይስ ይጫወት?

የቤት እንስሳት ዓምድ፤ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከድሬዳዋ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። የምኖረው ሳቢያን ነው። ሰሞኑን አንድ ወንድ ቡችላ አመጣሁ፤ ሁለት ወር አልፎታል። እናቱ ጀርመን ሸፐርድ ናት፣ አባቱ የሰፈር ውሻ ነው አሉኝ። የመጀመሪያ ክትባቱን ወስዷል። የሰፈራችን ወጣቶች እሁድ እሁድ ጠዋት ቡችሎቻቸውን አንድ ግቢ ሰብስበው ያጫውታሉ፤ እኔንም ና እያሉ ይጎተጉቱኛል። አማቼ ግን «ውሻ ከውሻ ጋር ከዋለ ዋልጌ ይሆናል። ሌባ ሲመጣ ጭራውን እየቆላ ነው የሚቀበለው። ከአሁኑ እሰረው» ይላሉ። ክትባት የሰጠው ባለሙያ ደግሞ «ክትባቱን ሳይጨርስ ከግቢ እንዳይወጣ» ብሎኛል። የማንን ልስማ? እኔ የምፈልገው ግቢ የሚጠብቅ ውሻ ነው።

የቦቢ ጌታ፣ ከሳቢያን

መልስ፦ ልጄ፣ ውሰደው። አማትህም ባለሙያውም ለአንተ አስበው ነው የተናገሩት። ግን ሁለቱም የቦቢን ዕድሜ አልቆጠሩም።

ቡችላ አዲስ ነገር አይቶ «ይሄ አይጎዳኝም» ብሎ በቀላሉ የሚቀበልበት ጊዜ አጭር ነው። ሦስተኛው ሳምንት ገደማ ይጀምራል፤ ከ12 እስከ 14 ሳምንት ባለው ጊዜ እየጠበበ ይሄዳል። በዚህ መሃል ያየውን፣ የሰማውን፣ ያሸተተውን ሁሉ ይለምደዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣበትን አዲስ ነገር ግን መጀመሪያ የሚፈራው ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ ሜይን ግዛት ባር ሃርበር ላይ የተሠራና በፈረንጆቹ 1961 የታተመ ጥናት አለ። ቡችሎችን ከሰው ርቀው በታጠረ ሜዳ አሳደጓቸው። በጊዜ ከሰው ጋር የተገናኙት ሰው ለመዱ። 14 ሳምንት እስኪሞላቸው ሰው ያልቀረባቸው ግን አውሬ ሆነው ቀሩ።

ወደ ክትባቱ ልምጣ። ፓርቮና ዲስቴምፐር የሚባሉት ቡችላ የሚገድሉ የቫይረስ በሽታዎች ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ላይ ይጀመራል፤ በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይቀጥላል። የሚደጋገመው ያለ ምክንያት አይደለም። ቡችላው ከእናቱ ወተት ያገኘው መከላከያ ክትባቱን ያከሽፈዋል፤ ያ መከላከያ መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ ከአንዱ ቡችላ አንዱ ይለያያል። እንግዲህ አስላው። 16 ሳምንት ሞልቶት በሩን ስትከፍትለት ያ የመላመጃ ጊዜ አልፏል።

ይህን ስል ግን ባለሙያው ያለህን ንቀህ ተወው ማለቴ አይደለም። ፓርቮ ክፉ በሽታ ነው። ቡችላ ትውከትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከያዘው በጥቂት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ቫይረሱ አፈር ውስጥ ወራት ይቆያል፤ አንዳንዴ ዓመትም ያልፋል። ስለዚህ ቦታ መምረጥ የግድ ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ ሐኪሞች ማኅበር በ2008 ባወጣው መግለጫ፣ ቡችሎች ከ7 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ የጋራ ጨዋታ መጀመር ይችላሉ ይላል። የመጀመሪያውን ዙር ክትባት ከወሰዱ ቢያንስ 7 ቀን ማለፍ አለበት፤ የትል መድኃኒትም አንዴ መውሰድ አለባቸው። ክትባቱን ከወሰደ 7 ቀን ካለፈው ቦቢ እዚህ ላይ ደርሷል ማለት ነው። የትሉን መድኃኒት ካልወሰደ ግን ነገ ዛሬ አትበል።

እንግዲህ ወደ እኛ ድሬ ስናመጣው፣ ደቻቱ አሸዋ ላይ አይሆንም። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሆነ ለመሮጫ ያጓጓል፤ ግን ፍየሉም፣ ባለቤት የሌለው ውሻም፣ ቆሻሻውም እዚያው ነው። የምትፈልገው የታጠረና ሲሚንቶ የፈሰሰበት ግቢ ነው። ቦቢን ቤት ትተህ አንድ እሁድ ብቻህን ሄደህ እየው። የክትባት ካርድ በር ላይ የሚጠይቅ ሰው አለ? በቅርብ ወራት የታመመ ቡችላ ገብቶበታል? ወለሉን በምን ያጥቡታል? ውኃ ብቻ ለፓርቮ ምንም አያደርገውም። ቆሻሻው ተጠርጎ ከታጠበ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውኃ ተበጥብጦ ይፈስበታል፤ አሥር ደቂቃ ያህል ሳይደርቅ ይቆያል፤ ከዚያ ይለቀለቃል። ቡችሎቹ የሚገቡት ወለሉ ከደረቀ በኋላ ነው።

ሰዓቱንም አስተውል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጥሩ ነው። 3 ሰዓት ካለፈ ግን፣ በተለይ በግንቦትና በሰኔ፣ የድሬን ፀሐይ ታውቀዋለህ። የእጅህን ጀርባ ሲሚንቶው ላይ አድርገህ አምስት ሰባት ሰከንድ ማቆየት ካቃተህ የቡችላው መዳፍም አይችለውም።

ብዛታቸው ከአምስት ስድስት ባይበልጥ እመርጣለሁ። ዕድሜያቸውም መጠናቸውም ይቀራረብ። አሥራ አምስት ቡችላ አንድ ላይ ለቆ ዳር ቆሞ ቪዲዮ መቅረጽ አሁን አሁን በዝቷል፤ አቦ፣ እሱ ማጫወት አይባልም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ብዙ ሰው ቡችላውን የሚወስደው «ይሩጥ፣ ይድከም፣ ደስ ይበለው» ብሎ ነው። እኔ ግን ሩጫውን ብዙም አላይም። የማየው ሲያቆሙ ነው። ከዚራ፣ ከቤቴ አጠገብ ባለ ግቢ ኒም ዛፍ ሥር የሚጫወቱ ቡችሎች አሉ። ከነሱ መሃል ጉች የምትባል ቀይ የሐበሻ ቡችላ አለች፤ ሬክስ የሚባል ጆሮው ገና ያልቆመ ደልዳላ ወንድም አለ። አንድ ጠዋት ሬክስ ጆሮዋን ጠበቅ አድርጎ ነከሳት። ጯ! አለች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታው ሄደችና የወደቀ የኒም ቅጠል ማሽተት ጀመረች። ሬክስ ግራ ገባው። የፊት እግሮቹን መሬት ላይ ዘርግቶ ቂጡን ወደ ላይ አነሳ፤ ውሻ «እንጫወት» የሚለው እንደዚህ ነው። ዞር ብላም አላየችው። አነጠሰ። አሁንም ዝም። ሆዱን መሬት አስነክቶ ተኛ። ቆይታ ቆይታ መጣች። ያንኑ ጆሮ ያዛት፤ አሁን ግን በከንፈሩ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ትምህርት እኔም አንተም ልንሰጠው አንችልም፤ ጆሮው የእኛ አይደለማ። የቡችላ የወተት ጥርስ 28 ነው። እንደ መርፌ የሾለው ይህን ትምህርት እንዲያስተምርበት ነው የሚሉ አሉ፤ መንጋጋው ገና ደካማ ስለሆነ ያማል እንጂ ብዙ አይጎዳም። አራት ወር ገደማ መውለቅ ይጀምራል፤ በስድስት ሰባት ወሩ 42 ቋሚ ጥርስ ይኖረዋል። የንክሻውን ልክ መማር ያለበት ከዚያ በፊት ነው። ኢያን ደንባር የሚባል እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቡችሎችን ያለ ገመድ አንድ ላይ እያጫወተ ማሠልጠን የጀመረው አንዱ ለዚሁ ነው። ቋሚ ጥርስ አውጥቶ አንዴ ልጅ ከነከሰ በኋላ ላስተምርህ ቢሉት በጣም ከባድ ነው።

አንተም ዝም ብለህ አትቀመጥ። በየሁለት ደቂቃው ቦቢን ጥራው። የተቀቀለ ሳንባ በጥፍር ልክ ከትፈህ ኪስህ ያዝ። ሲመጣ አቅምሰው፣ አንገቱን አሸት አድርገው፣ መልሰህ «ሂድ!» በለው። ይህችን «ሂድ!» አደራ እንዳትረሳት። ብዙ ሰው ቡችላውን የሚጠራው ወደ ቤት ሊወስደው ሲል ብቻ ነው፤ ቡችላውም ነቄ ነው፣ ስሙ ሲጠራ ጨዋታው እንዳለቀ ገብቶት መሸሽ ይማራል። ጠርተህ መልሰህ ከለቀቅኸው ግን አንተ ዘንድ መምጣት የጨዋታው ክፍል ይሆናል። (ሳንባውን በደንብ ቀቅለው። ጥሬ ሳንባና ጉበት ውስጥ ያለ የትል ዕጭ ውሻው ሆድ ገብቶ ያድግና ተመልሶ ለሰው ይተርፋል።)

የመጀመሪያ ቀን ወንበር ሥር ገብቶ ከተደበቀ አትጎትተው። «ይልመድ» ብሎ መሃል ላይ መወርወር የሚያስለምደው ፍርሃት ነው። ጭራውን እግሩ መሃል ከወሸቀ፣ ከንፈሩን ደጋግሞ ከላሰ፣ ወይም ደርቆ ከቆመ በዝቶበታል። እግርህ ሥር ይቀመጥና ይይ። ሲፈልግ ይወጣል። ዛሬ ካልወጣ የሚቀጥለው እሁድ አለ።

ለአማትህ ደግሞ እንዲህ በልልኝ። ሰው ሁሉ ሌባ የሚመስለው ዘበኛ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ያድራል፤ በሦስተኛው ሌሊት ለጩኸቱ የሚነሳ ሰው አይኖርም። ታስሮ ያደገ ውሻም ለባጃጁም፣ ለፍየሉም፣ ለጎረቤት ልጅም አንድ ዓይነት ነው የሚጮኸው። ጥሩ ጠባቂ ሰፈሩን ያውቃል፤ የተለየ ነገር ሲመጣም ወዲያው ይለየዋል። ግቢዬ ብሎ መጮህ አብዛኛውን ጊዜ ሲጎረምስ ራሱ ይመጣል፣ ማንም አያስተምረውም። እስከዚያው ቦቢን ዘንቢል ውስጥ አስቀምጠህ ከፊራ ገበያ ዳር ይዘኸው ቁም። መሬት ሳይረግጥ ግመሉን ይይ፣ የአህያ ጋሪውን ይስማ፣ ሽርጥ የታጠቀ ሽማግሌና ጃንጥላ የያዘች ሴት ይልመድ። አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ከውሻ ጋር መጫወቱ ለብቻው ይህን አያስተምረውም።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሐረር ሸንኮር አካባቢ ነው ያለሁት። የአራት ወር ሴት ቡችላ አለችኝ። ከጓደኞቼ ቡችሎች ጋር ስትገናኝ ትጥላቸዋለች፣ ላያቸው ላይ ትወጣለች፣ አንገታቸውን ይዛ ታጉረመርማለች። ጓደኛዬ «ያንቺዋ ዱርዬ ናት፣ ሁለተኛ እንዳታመጫት» አለችኝ። በጣም ነው የከፋኝ። እውነት ክፉ ናት?

ያዘነች፣ ከሐረር

መልስ፦ መጀመሪያ ዶክተር አትበይኝ፣ እህቴ። በእንስሳት ጤና ረዳትነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ ዶክተሮቹ እንዳይቀየሙኝ።

ማጉረምረምና መጣል ብቻውን ክፋት አይደለም፤ ቡችላ ሲጫወት ይጮኻል፣ ያጉረመርማል፣ አንገት ይይዛል። ጓደኛሽ ልክ መሆን አለመሆኗን የምታውቂበት ቀላል መንገድ አለ። የአንቺዋን ከላይ ስትሆን ደረቷን ይዘሽ ቀስ ብለሽ አንሺያት። ከሥር የነበረውን አትንኪው። ተነሥቶ ራሱን አራግፎ ወደ እሷ ተመልሶ ከመጣ ጨዋታው ተመችቶታል፤ ልቀቂያት። ወደ ጌታው ሮጦ ከተደበቀ ግን በዝቶበታል፤ ያን ጊዜ ጓደኛሽ እውነቷን ነው።

ከበዛበት አትጩሂባት፣ አትምቻት። ዝም ብለሽ ይዘሻት ከጨዋታው ውጪ ሆናችሁ ትንሽ ቁሙ። ትንፋሿ ረገብ ሲል መልሺያት። ደግማ ከበረታች ደግመሽ አውጫት። እንዲህ ከልክ ሲያልፉ ከጨዋታ መውጣት መኖሩ ቶሎ ይገባቸዋል። ከተቻለ ደግሞ የተከተበ፣ ልበ ሰፊ የሆነ ትልቅ ውሻ ፈልጊላት። ትልቅ ውሻ በአንድ «እርር» የሚያስተምራትን እኔና አንቺ በወር አንጨርሰውም።

ሁልጊዜ እኩል መሸናነፍ አለባቸው ብለሽ ግን አትጨነቂ። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በ2008 ባወጡት ጥናት፣ ወንድ ቡችሎች ከሴት ጋር ሲጫወቱ አውቀው ራሳቸውን ለሽንፈት እንደሚያመቻቹ ጽፈዋል። ጨዋታው እንዲቀጥል መሆኑ ነው። እኛ ሰፈር ያሉ ባሎች ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ሐረር ስለሆንሽ አንድ ነገር ልጨምር። እናንተ ጋ ማታ ጅብ መንገድ ላይ እንደ ሰው ይመላለሳል። ቡችላዋን ማታ ቤት ውስጥ አሳድሪያት። ጅብ መላመድ ለእኛም ለናንተም የሚያምር ታሪክ ነው፤ ለአራት ወር ቡችላ ግን አይሆንም።

ጥያቄ፦ መልካ ጀብዱ ነው የምኖረው። በአካባቢዬ ቡችላ ያለው ሰው የለም። በር ላይ ከሚውሉት የሰፈር ውሾች ጋር ባጫውተውስ?

መልስ፦ ክትባቱን ሳይጨርስ አይሆንም። ውሾቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ የማን ክትባት እንዳለው ማንም አያውቅም። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ አለ፤ የሱ ክትባት ደግሞ የሚሰጠው ሦስት ወር ገደማ ሲሞላው ነው፣ ከዓመት በኋላም ይደገማል። እስከዚያው አንድ የተከተበ የዘመድ ውሻ ይበቃሃል። እሱም ከጠፋ የተለያየ ሰው ቤትህ ጥራ፤ ልጅ፣ ሽማግሌ፣ ባለ ኮፍያ፣ ባለ ዱላ። ለሁሉም አንዳንድ ቁራጭ ሥጋ ስጣቸውና ለቡችላው ያቅምሱት።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ቡችላችን ከልጆቹ ጋር ሲጫወት የአምስት ዓመት ልጄን በጥርሱ ጫር አደረጋት። ትንሽ ደም አለው። ቡችላው ሁለት ወሩ ነው፣ የእብድ ውሻ ክትባት አልወሰደም። ማር ልቀባላት?

እናት፣ ከአዲስ ከተማ

መልስ፦ ይህ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ጊዜ ሳልፈጅ በስልክ ደውዬላት ነበር። ለሌሎቻችሁም እንዲጠቅም ነው እዚህ የማወጣው። ማርም፣ በርበሬም፣ ቡናም አይቀባም። በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠባል። አሥራ አምስት ደቂቃ ረጅም ነው፣ ልጅ ታለቅሳለች፤ ይታጠባል። ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። «ቡችላ ነው፣ ከግቢ አልወጣም» ብሎ ቤት መወሰን አይገባም፤ ከእናቱ ጋር ሳለ ምን እንደነካው አይታወቅም። የሚወስነው የጤና ባለሙያው ነው። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ቶሎ የተጀመረ ክትባት ግን ያድናል።

ልጆች ቡችላ የሚያጫውቱት ተቀምጠው ነው። የሚሮጥ ልጅ ለቡችላ የሚባረር ነገር ነው። ትልቅ ሰው ሳይኖር ደግሞ በፍጹም።

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ። መጋላ ነው ቤታችን። ቡችላዬን ወደ ጨዋታው ስወስደው በጎረቤቶቼ በር ነው የማልፈው። አንዷ እናት ሲያዩት ቀሚሳቸውን ሰብስበው ይሸሻሉ። ልጃቸው ደግሞ ሊነካው ይፈልጋል። ቅር እንዲላቸው አልፈልግም፣ አብረን ነው ያደግነው።

መልስ፦ ጎበዝ፣ መጠየቅህ ደስ ብሎኛል። እናትየዋ ውሻ ጠልተው ላይሆን ይችላል። በእኛ አካባቢ ሙስሊሞች ዘንድ የውሻ ምራቅ ልብስ ወይም ዕቃ ከነካ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ መታጠብ አለበት። ሊሰግዱ ሲሉ ቡችላህ ቀሚሳቸውን ቢልስ ስንት ሥራ እንደምታበዛባቸው አስብ።

ስለዚህ ገመዱን አሳጥረህ ያዝ፣ በሌላኛው ጎን እለፍ፣ የሶላት ሰዓት ላይ አትውጣ። ቡችላው ሰው ሲያልፍ አጠገብህ ቁጭ ማለትን ይልመድ፤ እሱም ሥልጠና ነው። ልጁን በተመለከተ ያለ እናቱ ፈቃድ አታስነካው። አንድ ቀን አንኳኳና ራስህ ጠይቃቸው፦ «እማማ፣ በስንት ሰዓት ባልፍ ይሻልዎታል?» እኔ የማውቃቸው የመጋላ እናቶች እንዲህ ከተጠየቁ ሰዓቱን ነግረው ሻይ ሳያጠጡ አይለቁህም።